የካምደን ነጭ ባህር ዛፍ (ዩካሊፕተስ ቤንታሚ)፦ መለየት፣ ዘር መልቀም፣ ችግኝ ማፍላት

ወንዝ ዳር

ይህ ክር ስለ አንድ ዝርያ ብቻ ነው፦ ዩካሊፕተስ ቤንታሚ፣ የካምደን ነጭ ባህር ዛፍ። ባህር ዛፍ ውኃ ይጨርሳል አይጨርስም የሚለው ሙግት የራሱ ክር ስላለው እባካችሁ እዚህ አታምጡት። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው በአውስትራሊያ፣ ከሲድኒ ደቡብ ምዕራብ፣ በኔፒያን ወንዝና በገባሮቹ አካባቢ ብቻ ነው። በ1915 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ጆሴፍ ሜይደንና ሪቻርድ ካምቤጅ ሲሆኑ ስያሜው ለዕፅዋት ሊቁ ለጆርጅ ቤንታም መታሰቢያ ነው። ትልቁ ክምችት በብሉ ማውንቴንስ ውስጥ ኬዱምባ ሸለቆ ነው፤ 6,500 ገደማ ዛፍ ተመዝግቧል። ቤንትስ ቤዝን የሚባለው ጥብቅ ቦታ ከ300 ያነሰ አለው። ከእነዚህ ሌላ በካምደን፣ በኮቢቲና በዋላሺያ ወንዙን ተከትሎ ነጠላ ነጠላ ዛፍ ይገኛል፤ ብዙው ከግጦሽ መሬት ጠርዝ ላይ የቀረ ሽማግሌ ዛፍ ነው። በፌዴራሉም በኒው ሳውዝ ዌልስም ሕግ ስጋት ላይ ካሉ ዝርያዎች ተመዝግቧል።

ተደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። በመልክ ከሚመስለው የቅርብ ዘመዱ ከቪሚናሊስ (ዩካሊፕተስ ቪሚናሊስ) በምን ይለያል? በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ለምን ችግኝ አይታይም? ዘር ከየት፣ እንዴት ይለቀም? የምታውቁ ጻፉ።

ቅርፊት ላጭ

በመለየቱ ልጀምር፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ ይበላሽበታል።

ከሩቅ በግንዱ መለየት አይቻልም። ሁለቱም ዛፎች ቅርፊታቸውን በረጃጅም ጥብጣብ እየላጡ ነጭ ሆነው ይቆማሉ፤ ሁለቱም ከሥራቸው ጥቂት ሜትር ሻካራ ቅርፊት ይዘው ይቀራሉ። ቁመትም አይረዳም። ቤንታሚ እስከ 40 ሜትር ይደርሳል፣ ቪሚናሊስም እንዲሁ ረጅም ነው። ስለዚህ እምቡጥና የልጅነት ቅጠል ፈልጉ።

የቤንታሚ እምቡጥ በአንድ አንጓ ሰባት ሰባት ሆኖ ይወጣል። የተለመደው ቪሚናሊስ ሦስት ሦስት ነው፤ ሦስቱ በመስቀል ቅርጽ ይቀመጣሉ። ሰባት እምቡጥ ያለው የቪሚናሊስ ዓይነትም ስላለ ግን በእምቡጥ ቆጠራ ብቻ አትፍረዱ። የቤንታሚ ፍሬ ትንሽ ነው፣ ከ5 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ሲከፈት ከንፈሮቹ ከጠርዙ ወደ ውጭ ብቅ ይላሉ። በነጭ ባህር ዛፍ፣ በግሎቡለስ፣ ብቻውን ቁጭ የሚለውን ባለ ኪንታሮት ትልቅ ፍሬ የለመደ ሰው የቤንታሚን ፍሬ ሲያይ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል።

ወሳኙ የልጅነት ቅጠሉ ነው። የቤንታሚ ችግኝ ቅጠል ጥንድ ጥንድ፣ የቅጠል ዘንግ የሌለው፣ ግንዱን የሚያቅፍ፣ ሰፋ ያለና አመድማ ነጭ ዱቄት የለበሰ ነው። የቪሚናሊስ ደግሞ ጠባብ፣ ሹልና አረንጓዴ ነው። በትልቅ ዛፍ ላይ ከፈለጋችሁ ቅርንጫፍ ከተሰበረበት ቦታ የሚወጣውን አዲስ ቡቃያ እዩ፤ የልጅነቱን ቅጠል እዚያ ያወጣል።

ደለል

ሁለተኛውን እኔ ልውሰደው።

በሽማግሌዎቹ ዛፎች ሥር ችግኝ የማይታየው ዘር ስለሌለ አይደለም። ዘሩ በጣም ትንሽ ነው፣ በውስጡ የያዘው ስንቅም የዚያኑ ያህል። በሣር ወይም በደረቅ ቅጠል ላይ ቢወድቅ ሥሩ አፈር ሳይነካ ይደርቃል። የሚፈልገው ጎርፍ አልፎ የጣለውን ባዶ ደለል ነው፦ አረም የሌለበት፣ እርጥበት የያዘ፣ ፀሐይ የሚያገኝ። ይህን ካገኘ በብዛት ይበቅላል፤ ካላገኘ ዛፉ በየዓመቱ ቢዘራም ዋጋ የለውም።

አሁን ወንዙ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በላይኛው ኔፒያን ላይ አራት ግድቦች ተሠርተዋል፦ ካታራክት በ1907፣ ኮርዶ በ1926፣ ኤቨን በ1927፣ ኔፒያን በ1935። መካከለኛ ጎርፍ በእነዚህ ይያዛል። በ2021ና በ2022 እንደታየው ትልቁ ጎርፍ አሁንም ይመጣል፤ ግን ሲመጣ የሚያገኘው ዳርቻ በፕሪቬት ቁጥቋጦ፣ በባሉን ሐረግና በትራድስካንሺያ ምንጣፍ የተሸፈነ ነው። ደለሉ በተጣለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አረሙ ከተቆራረጠ ግንድ ያቆጠቁጥና ብርሃኑን ይዘጋዋል። የባህር ዛፍ ችግኝ ጥላ አይችልም፣ በዚሁ ያልቃል።

ሦስተኛው ምክንያት የዋራጋምባ ግድብ ነው። ግድቡ በ1960 ሲጠናቀቅ ቡራጎራንግ ሐይቅ የሸለቆውን ወለል ዋጠው፤ ለዚህ ዛፍ የሚመቸው መሬት ደግሞ ወለሉ ነበር። ኬዱምባ ዛሬ ትልቁ ክምችት የሆነው ውኃው ሳይደርስበት የቀረ የሸለቆ ክፍል ስለሆነ ጭምር ነው። ግድቡን በ14 ሜትር ከፍ የማድረጉ ዕቅድ ያስፈራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በ2023 ትቶታል።

ሳንታ ካታሪና

አንድ ነገር አልገባኝም። ይኸው ዛፍ በደቡብ ብራዚል በፓራናና በሳንታ ካታሪና፣ በኡራጓይ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቻይና፣ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በሰፊው ይተከላል። ውርጭ ስለሚችል የወረቀትና የማገዶ ኩባንያዎች ይፈልጉታል። በውጭ አገር በእርሻ ደረጃ የሚለማ ዛፍ እንዴት «ብርቅ» ይባላል? ከኬዱምባ 6,500 ዛፍ ቢሞት ከብራዚል ዘር ማምጣት አይቻልም?

ዘር ቆጣሪ

@ሳንታ ካታሪና ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ አይቻልም ነው።

በመጀመሪያ ያ ሁሉ ተከላ የወጣው ከጥቂት እናት ዛፎች ነው። ወደ ውጭ የሄደው ዘር አብዛኛው የኬዱምባ ነው፤ ከዚያም በፍጥነት ያደገው፣ ቀጥ ያለው፣ ውርጭ የቻለው እየተመረጠ ቀሪው ተጣለ። ለኩባንያው ትክክል ነው። ለዝርያው ግን የካምደኑና የዋላሺያው ዛፍ የያዘው ልዩነት በዚያ እርሻ ውስጥ የለም።

በሁለተኛ ደረጃ ዛፉ ዘግይቶ ያብባል፣ አበባውም በየዓመቱ እኩል አይደለም። ለወረቀት የሚተከለው በሰባት ዓመት አካባቢ ይቆረጣል፤ ዘር ሳያፈራ የሚሄደው ብዙ ነው። የዘር እጥረት በብራዚልም የታወቀ ራስ ምታት ነው።

ሦስተኛው ይከፋል። እርሻው ዙሪያ ዩካሊፕተስ ደኒ፣ ቪሚናሊስና ሌሎችም የቅርብ ዘመዶች ይተከላሉ። ከዚያ የሚለቀም ዘር አባቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ለማገዶ ዲቃላ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ሆን ተብሎ ይዳቀላል። ወደ ኔፒያን ይዞ መመለስ ግን ችግሩን በጆንያ ጭኖ ማምጣት ነው።

ለነገሩ ችግሩ እዚያው ኔፒያን ላይም አለ። በ2005 የታተመ የዘረመል ጥናት ያሳየው ይህንን ነው፦ በትንንሾቹ ቅሪቶች የዘመድ ለዘመድ ርቢውም ከሌላ ዝርያ ጋር መዳቀሉም ጨምሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዛፉ ከራሱ አበባ ይልቅ የሌላ ዛፍ ብናኝ ይመርጣል፤ ለዚህ ግን ጎረቤት ያስፈልገዋል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ንቧ የምታመጣለት ወይ የራሱን ብናኝ ነው ወይ የቪሚናሊስን። ከራሱ የወጣው ዘር ይበቅላል፣ ችግኙ ግን ቀጭጮ ይቀራል። ከቪሚናሊስ የወጣው አምሮበት ያድጋል፣ እና የሚያታልለው ይኼኛው ነው።

ሰሊና

ከቀይ ባህር ዛፍ ዘመዶችስ አይዳቀልም? ካምደን ላይ ቴሬቲኮርኒስም አለ።

ዘር ቆጣሪ

@ሰሊና ብዙም አያሳስብም። ቴሬቲኮርኒስና ካማልዱሌንሲስ በሌላ ንዑስ ምድብ ውስጥ ናቸው፤ በተፈጥሮ ከቤንታሚ ጋር መዳቀላቸው አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው። ወንዙ ዳር ያለው ኤላታ ደግሞ ከነጭራሹ በሌላ ንዑስ ወገን ስለሆነ አይዳቀልም። የሚያሰጋው በዚያው በቤንታሚ ምድብ ያለው ነው፦ ቪሚናሊስ በተፈጥሮ፣ ሌላው በሰው እጅ የተተከለ። ግሎቡለስም ከዚሁ ምድብ ነው። በካምደን ዙሪያ ለንፋስ መከላከያ የሚተከለውን ዛፍ ዓይነት መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ወንዝ ዳር

ወደ ዘር ለቀማው እንለፍ። ከስንት ዛፍ? ስንት ይወሰዳል?

ዘር ቆጣሪ

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። በኒው ሳውዝ ዌልስ በ2016ቱ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ሕግ መሠረት ስጋት ላይ ካለ ዝርያ ያለ ፈቃድ ዘር መልቀም ክልክል ነው፤ ዛፉ በግል መሬት ላይ ቢሆንም ባለቤቱ ፈቀደ ማለት ብቻውን አይበቃም። ሲድኒ ያላችሁ ይህን አትለፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር እንዲህ ነው። ትልቅ ክምችት ላይ ከሆናችሁ ከ30 ያላነሱ እናት ዛፎች ምረጡ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 100 ሜትር ይኑር። ተጠጋግተው የቆሙት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከአምስት ጎረቤታሞች መልቀም ከአንድ ዛፍ እንደመልቀም ይቆጠራል። ከአንድ ዛፍ ፍሬ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ውሰዱ። ከዘውዱ የላይኛውና የመካከለኛው ክፍል፣ ከተለያየ አቅጣጫ ይሁን፤ ሰሜንና ደቡብ ጎኑ ላይ የሚያርፉት ንቦች ከአንድ ዛፍ አይመጡም።

የደረሰ ፍሬ ቡናማ፣ ጠንካራና ገና ያልተከፈተ ነው። ከንፈሮቹ ላይ በመስቀል የተሰነጠቀ ቀጭን መስመር ካያችሁ ደርሷል። አረንጓዴውን ብትለቅሙ አይከፈትም፤ ቢከፈትም ዘሩ ባዶ ነው። ለምለም አበባ ያያችሁበት ዓመት ፍሬው የዚያው ዓመት እንዳይመስላችሁ፤ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ወደ ቅርንጫፉ ውስጥ ገባ ብሎ ያለውን የቆየ ፍሬ ፈልጉ።

የእያንዳንዱን እናት ፍሬ በየራሱ የወረቀት ከረጢት አድርጉ፣ ቁጥር ጻፉበት። ፕላስቲክ ያሻግታል። ደረቅና ነፋሻ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ማራገፍ ነው። የሚወርደው አብዛኛው ገለባ ነው፦ ቀላ ያለ ቡናማ ብናኝ፣ በመካከሉ ጠቆር ያሉ ጥቂት ቅንጣቶች። ዘሩ ጠቆር ያለው ነው። ገለባውን ለማጣራት አትድከሙ፣ ከነገለባው ይዘራል።

ለጥቂት ዓመት ለማቆየት በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ በሚሆን ማቀዝቀዣ አስቀምጡ። ለረጅም ዘመን ከሆነ የዘር ባንኮች አሠራር በ15 ከመቶ አንጻራዊ እርጥበት ማድረቅና በ−20 ማስቀመጥ ነው። ካምደን አጠገብ ማውንት አናን ላይ በ2013 የተከፈተው የአውስትራሊያ ፕላንትባንክ ለዚህ የተቋቋመ ነው።

አባ ችግኝ

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ድርሻ ነው።

የመዝሪያ አፈር፦ ሁለት እጅ የተነፋ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ። ያልበሰለ ብስባሽ አታስገቡ። አሸዋውን በፈላ ውኃ አርሱት ወይም በእንፋሎት አሙቁት። ዘሩን ከነገለባው ከሦስት እጥፍ ደቃቅ ደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቁና በእጅ በትኑ፤ ሳይደባለቅ የተበተነ እንደሆነ አንድ ቦታ ይከመራል። ላዩን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ በአሸዋ ሸፍኑ። ብዙ ሰው የሚከሽፍበት እዚህ ነው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጭንበትና ዘሩ አይበቅልም ይላል።

ውኃ ከታች። ሳህኑን ውኃ ባለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ላዩ ሲጨልም አውጡት። ከላይ በማጠጫ ካፈሰሳችሁ ዘሩ ወደ ጠርዝ ይሰደዳል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ይወጣል። ዘሩን መዘፍዘፍም ሆነ በብርድ ማቆየት አያስፈልግም።

ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ማዛወር። ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አትያዙ። ሥሩ ረዝሞ ከሆነ ጫፉን በጥፍር ቁረጡት፤ ተጣጥፎ ከሚገባ ተቆርጦ ቢገባ ይሻላል። የተጣጠፈ ሥር ችግኙን ወዲያው አይገድለውም፣ ዛፍ ሆኖ በነፋስ ሲወድቅ ነው የምታዩት። ከረጢቱ ወይም ቱቦው ከታች ክፍት ይሁን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሽቦ ላይ ይቀመጥ፤ ሥሩ አየር ሲነካ ራሱ ይቆማል፣ አይጠመጠምም።

እናት በእናት ለይታችሁ አሳድጉ። ቅርፊት ላጭ የጻፈውን የልጅነት ቅጠል መርመራ የምታደርጉት በዚህ ጊዜ ነው፦ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ በረድፉ እለፉ፤ ጠባብ፣ አረንጓዴና ዱቄት የሌለው ቅጠል ያለውን አውጡ። ረድፉን ጥሎ የረዘመውንም በጥርጣሬ እዩት። በአንድ እናት ውስጥ ብዙ ዲቃላ ከወጣ ያንን እናት ከዝርዝር ሰርዙ።

ሰሊና

በዘር ቅጠል ላይ እያለ ግንዱ ከአፈሩ ጥግ ቀጥኖ ጠቁሮ ይወድቃል። ዛሬ ሦስት፣ ነገ ሠላሳ። ፀረ ፈንገስ ረጭቻለሁ፣ አላቆመውም።

አባ ችግኝ

@ሰሊና እህቴ፣ መድኃኒቱ ለወደቀው አይሠራም፤ የቆመውን ለማዳን ሁኔታውን መለወጥ ነው። የወደቁትን ከሥራቸው ካለው አፈር ጋር በማንኪያ አውጪና ጣይ። ለሁለት ሦስት ቀን ውኃ አትስጪ፣ ላዩ ይድረቅ። ጥላውን አንሺ፣ አየር ይግባ። በኋላም የምታጠጪው ጠዋት ብቻ ይሁን፤ ማታ የጠጣ ሳህን ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ፈንገሱ የሚሮጠው ያኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ዘር አብዝቶ መዝራት ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ቦታ ከሌለ በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ ይራመዳል።

ሳንታ ካታሪና

በቅርንጫፍ ቁራጭስ? ዲቃላውን ለማምለጥ የታወቀ እናት መርጦ ማባዛት ይሻላል።

አባ ችግኝ

ሥር ለማውጣት እምቢተኛ ነው። ከትልቅ ዛፍ ዘውድ የተቆረጠ ቁራጭ አይሞከር፤ ዛፉ ባረጀ ቁጥር ሥር የማውጣት አቅሙ ይወርዳል። ብራዚሎች የሚጠቀሙት ትንንሽ እናቶችን በአሸዋ ገንዳ ተክለው በየጊዜው እየቆረጡ፣ ከዚያ የሚወጣውን ለጋ ጫፍ ነው። ጫፉ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ቅጠል በግማሽ ተቆርጦ፣ ጭጋግ በሚነፋበት ቤት። እንዲያም ሆኖ ከሌላው ባህር ዛፍ፣ ከግራንዲስ፣ ያነሰ ነው የሚሳካው። እና ለጥበቃ ሥራ ሐሳቡ ራሱ አይስማማኝም፤ አንድ እናት አባዝቶ ወንዝ ዳር መደርደር የዘመድ ርቢውን በገዛ እጅ መሥራት ነው።

ደለል

ችግኙ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ መሬት። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ጥላውን ማንሳትና ውኃውን መቀነስ ያስፈልጋል።

ቦታው ደለላማ አሸዋ፣ ከወንዙ የዘወትር ውኃ ከፍ ያለ፣ ጎርፍ አልፎ አልፎ የሚደርስበት ይሁን። ሸክላ አፈር ላይ አትትከሉ። ፕሪቬቱን ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ጉቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፀረ አረም ቀቡት፤ ከዘገየ ጉቶው ይዘጋና መድኃኒቱ አይገባም። ዳርቻውን በአንድ ጊዜ ራቁቱን አታስቀሩት። ክፉም ቢሆን አፈሩን የያዘው አረሙ ነውና በቁራጭ በቁራጭ አጽዱ፣ የጸዳውን ወዲያው ትከሉ። በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ አንድ ሜትር ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከአረም ነጻ ይሁን፤ ሣር ከማንም በላይ ውኃ ይሻማዋል። ዋላቢ (ትንሽ የካንጋሮ ዘመድ) እና ጥንቸል ስላለ መከለያ ግዴታ ነው፣ ግን በእንጨት ሳይሆን ጎርፍ ሲመጣ በሚተኛ መረብ አድርጉት፤ ግትር መከለያ ግንድና ቅጠላ ቅጠል ያግትና ችግኙን ነቅሎት ይሄዳል።

ከቪሚናሊስ የራቀ ቦታ ምረጡ። እና ነጠላ ዛፍ አትትከሉ፤ ከተለያዩ እናቶች የመጡ ብዙ ችግኞች አንድ ላይ፣ የአንድ እናት ልጆች ጎን ለጎን እንዳይሆኑ አደባልቃችሁ።

ደጋ

ከኢትዮጵያ ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ደብረ ብርሃን አካባቢ በልጅነቱ በውርጭ ይቃጠላል። ይህን ዛፍ በምትኩ መሞከር ይቻላል?

ዘር ቆጣሪ

@ደጋ በውርጭ በኩል ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር ተዳፋቱን ወርዶ የሚተኛበት የሸለቆ ወለል ላይ የኖረ ዛፍ ነው፤ ቀስ በቀስ ብርዱን ከለመደ እስከ −10 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ሞቅ ባለ ሰሞን ላይ ድንገት የሚወርድ ውርጭ ግን ከዚያ ባነሰ ብርድም ይገድለዋል፤ በአሜሪካ ደቡብ ተካዮችን የሚያቸግራቸው ይኼ ነው። ስለዚህ ሙከራችሁ በትንሽ መደብ፣ ከግሎቡለስ ጎን፣ ሁለት የውርጭ ወቅት አይቶ ይሁን። ዘሩ የመግቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ፣ መነሻው የተጻፈ ይምጣ።

አንድ ጥንቃቄ። የግሎቡለስ አበባ ትልቅ ስለሆነ የሴቴው ዘንግ ረጅም ነው፤ የትናንሽ አበባ ዝርያዎች ብናኝ ያንን ርዝመት ሄዶ ዘር ጋ አይደርስም። የግሎቡለስ ብናኝ ግን በአጭሩ የቤንታሚ ዘንግ ውስጥ ያለ ችግር ይወርዳል። ስለዚህ የእናንተ ግሎቡለስ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ዲቃላ የሚሆነው ከቤንታሚ እናት የምትለቅሙት ዘር ነው። ደጋው በግሎቡለስ የተሸፈነ ስለሆነ የመጀመሪያውን ትውልድ ዘር መልሳችሁ አትዝሩ፤ በየተከላው ከመነሻው አስመጡ።

ደጋ

ዲቃላውን በችግኝ ደረጃ በምን እናውቀዋለን? የግሎቡለስም የልጅነት ቅጠል እኮ አመድማና ግንድ አቃፊ ነው።

ቅርፊት ላጭ

በቅጠሉ ቀለም አይሆንም፣ ልክ ነህ። ግንዱን ዳስ። የግሎቡለስ ችግኝ ግንድ አራት ማዕዘን ነው፣ ጠርዙ ላይም ቀጭን ክንፍ አለው፤ የቤንታሚ ወደ ክብነቱ ያደላል። ዲቃላው መካከል ላይ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ከሁለቱም ንጹሕ ችግኝ አንዳንድ ሳህን ለማነጻጸሪያ አብራችሁ አፍሉ።